ቶቶሮ «ታሪክ የለውም» ላለው ወንድማችን፦ ስለ ጃፓን አኒሜ ፊልሞች የምላሽ ጽሑፍ

ሰሞኑን አንድ ወንድማችን ምርጥ ስለሚላቸው የጃፓን አኒሜ (በሥዕል የሚሠሩ) ፊልሞችና «በከንቱ ይወደሳሉ» ስለሚላቸው የጻፈውን ጽሑፍ ብዙ ሰው ሲቀባበለው አየሁ። በአማርኛ ስለ አኒሜ ፊልም እንዲህ ረዘም አድርጎ የሚጽፍ ሰው ብርቅ ስለሆነ ደስ ብሎኝ ነው ማንበብ የጀመርኩት፣ ግን እየገፋሁ ስሄድ በተለይ «በከንቱ የሚወደሱት» የሚለው ክፍል ላይ ስደርስ ዝም ብሎ ማለፍ አቃተኝ። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

ላላነበባችሁት ባጭሩ የሚለው ይሄ ነው። ከሁሉም ምርጡ «ዩር ኔም» ነው፣ ማስረጃውም የሸጠው ትኬት ነው። «ጎረቤቴ ቶቶሮ» ታሪክ የሌለው የሕፃናት ፊልም ነው፣ ሰው የሚወደው አሻንጉሊቱን ስለሚወደው ነው። «ግሬቭ ኦፍ ዘ ፋየርፍላይስ» ሰው ለማስለቀስ ብቻ የተሠራ ነው፣ በዛ ላይ ጃፓንን ተበዳይ የሚያደርግ ፕሮፓጋንዳ ነው፣ ልጁም እህቱን የገደላት በራሱ ትዕቢት ነው። ጂብሊ፣ ሁለቱን የሠራው ስቱዲዮ፣ ማለት ዳይሬክተሩ ሃያኦ ሚያዛኪ ነው፣ ሌላው አጃቢ ነው። ዳይሬክተሩ ሳቶሺ ኮን ሆን ብሎ ነገር ያወሳስባል፣ «አኪራ» ደግሞ ሥዕል ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ ሁሉንም በእንግሊዝኛ ድምፅ እዩት የሚል ምክር ጨምሮበታል። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፋቸው፣ እንዳንደናገር።

ከትኬቱ እንጀምር። «ዩር ኔም» ጥሩ ፊልም ነው፣ እኔም ወድጄው ነው ያየሁት። ዳይሬክተሩ ማኮቶ ሺንካይ በ2002 የወጣውን ሃያ አምስት ደቂቃ የሚሆን አጭር ፊልም ቤቱ ቁጭ ብሎ በኮምፒውተሩ ለብቻው በሚባል ደረጃ ሠርቶ የተነሳ ሰው ነው፣ ከዛ ተነስቶ በ2016 ጃፓን ውስጥ ብቻ 25 ቢሊዮን የን ገደማ ያስገባ ፊልም ላይ መድረሱ በጣም የሚያስደንቅ ነው። ግን ወንድሜ፣ ትኬትን ሚዛን ካደረግነው ያንተም አንደኛ በዛው ሚዛን ይወድቃል። የ2001ዱ «ስፒሪትድ አዌይ» ጃፓን ውስጥ ከ30 ቢሊዮን የን በላይ አስገብቶ ወደ ሃያ ዓመት ገደማ አንደኛ ሆኖ ቆይቷል፣ እሱን ደግሞ በ2020 የ«ዲመን ስሌየር» የባቡሩ ፊልም አልፎታል። በትኬት ከሄድን እንግዲህ አንደኛው «ዲመን ስሌየር» መሆን ነበረበት፣ አንተ ግን ከመረጥካቸው አምስት ውስጥ እንኳን አላስገባኸውም። ለምን? ምክንያቱም አንተም ስትመርጥ የለካኸው በሌላ ነገር ነው፣ ያንን ሌላ ነገር ግን ጽሑፉ ውስጥ አልነገርከንም።

የኔን ሚዛን ልንገራችሁ፣ ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ እዚህ ላይ ስለሚቆም። በካሜራ የሚቀረጽ ፊልም ላይ ዳይሬክተሩ ያላሰበው ነገር ይገባል፣ ነፋስ ይነፍሳል፣ ከኋላ ሰው ያልፋል፣ ተዋናዩ ሳያስበው አፍንጫውን ያካል። በሥዕል ፊልም ላይ ግን በአጋጣሚ የሚገባ ነገር የለም፣ እያንዳንዷ ቅጠል፣ እያንዳንዱ የጫማ ማሰሪያ አንድ ሰው «ይሄ ይኑር» ብሎ ወስኖ ቁጭ ብሎ የሣላት ናት። ሦስት ሰከንድ የምትቆይ የልጅ እንቅስቃሴ የስንት ቀን ሥራ ናት። ስለዚህ እኔ አኒሜ ፊልም ሳይ የምጠይቀው ጥያቄ እነዚህ ሰዎች ይሄን ሁሉ ድካም ምን ላይ ነው ያፈሰሱት የሚል ነው፣ ፍንዳታ ላይ ነው ወይስ ሕፃን ልጅ ቁጢጥ ብላ ጉድጓድ ውስጥ ስታይ?

በዚህ ሚዛን «ዩር ኔም» ጥሩ ቦታ አለው። የገጠሯ ልጅ ሚትሱሃ በከተማው ልጅ በታኪ ሰውነት ነቅታ በሩን ስትከፍት ቶኪዮን ለመጀመሪያ ጊዜ የምታይባት ቅጽበት፣ ወይ የባቡሩ በር ሲዘጋ ከታች የሚታየው መስመር፣ እነዚህን ሺንካይ በፍቅር ነው የሣላቸው። ችግሩ ግን ሁለቱ ልጆች የሚዋደዱበት ክፍል፣ የፊልሙ ልብ መሆን የነበረበት፣ በአንድ ዘፈን ስር ተቆራርጦ በጥድፊያ ያልፋል። ስሜቱ ቁጭ ብሎ ሊሰማን ሲል የፊልሙን ሙዚቃ የሠራው የራድዊምፕስ ባንድ ዘፈን ገብቶ ይገፋናል። ደግሞ ሁለቱም ስልካቸው ላይ እየጻፉ ሲለዋወጡ ከርመው የሚኖሩበት ጊዜ በሦስት ዓመት እንደሚለያይ አንዳቸውም ሳያዩት መቅረታቸው ሁለተኛ ጊዜ ሲታይ በጣም ይከብዳል። እኔ ከአስሩ ውስጥ አስገባዋለሁ፣ አንደኛ ግን አይሆንም።

ወደ ቶቶሮ። «ታሪክ የለውም» የሚለው ነው በጣም ያበሳጨኝ፣ ምክንያቱም ታሪኩ ቁልጭ ብሎ አለ። በ1950ዎቹ ሁለት እህትማማቾች፣ ሳትሱኪና ሜይ፣ ከአባታቸው ጋር ገጠር ቤት ይገባሉ፣ የገቡትም እናታቸው የተኛችበት ሆስፒታል ቅርብ ስለሆነ ነው። እናትየው ምን እንደታመመች በግልጽ አይነገረንም፣ ትሞት ይሆናል የሚል ቃል ፊልሙ ሊያልቅ እስኪቃረብ ድረስ ከማንም አፍ አይወጣም፣ ግን ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ቤቱ ውስጥ ያለው ነገር እሱ ብቻ ነው። እኛ ደግሞ ይሄን ማንም ሊያስረዳን አይገባም፣ በሽታን ከልጅ የሚደብቅ፣ መርዶን ሳይቀር ሰዓት ጠብቆ የሚያረዳ ሕዝብ ነን፣ ትልልቆቹ ዝቅ ብለው ሲያወሩና ልጆቹ ሲጫወቱ ያለውን አየር እናውቀዋለን። የፊልሙ ዳይሬክተር ሚያዛኪም ከቤቱ ነው ያመጣው፣ ልጅ እያለ እናቱ በአከርካሪ ነቀርሳ ለዓመታት ተኝታ ነበር።

እስቲ ሳትሱኪን ብቻ ተከተሏት። ጠዋት ምሳ ዕቃ ታሰናዳለች፣ የታናሽዋን ፀጉር ታስራለች፣ አባትየው ሲረሳ እሷ ታስታውሳለች፣ አንዴም አታጉረመርምም። ከዛ ከሆስፒታል ቴሌግራም ሲመጣ፣ ያኔ ነው ሜይ ላይ የምትጮህባት፣ «እናታችን ብትሞትስ» ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ የምታወጣው፣ ከዛ ጎረቤት ያሉት አሮጊት ፊት እንደ ሕፃን የምታለቅሰው። እስከዛ ድረስ ትልቅ ሰው ሆና የቆየች ልጅ እዛች ላይ ልጅ ትሆናለች። ይሄ ታሪክ ካልሆነ ምንድነው ታሪክ?

ቶቶሮ ራሱ፣ ፊልሙ በስሙ የተጠራው ትልቁ የጫካ መንፈስ፣ እኮ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይታይ ይቆያል፣ ከመጣም በኋላ እናትየዋን አያድንም። ያደረገው ነገር ቢኖር ዝናብ ላይ ልጆቹ አጠገብ መቆሙና ሜይ ስትጠፋ ድመት የሆነውን አውቶቡስ መጥራቱ ነው። የአውቶቡስ ፌርማታዋ ትዕይንት ላይ ደግሞ ለብቻዋ መቆየት ይገባል። ይመሻል፣ ይዘንባል፣ አባት ይዘገያል፣ ሜይ እንቅልፍ ይይዛትና ሳትሱኪ ታዝላታለች፣ ጃንጥላውን በትከሻዋና በአንገቷ መሃል ይዛ። ከዛ ትልቅ እግር ይመጣል። ከዛ ከዛፍ የምትወድቅ ጠብታ ጃንጥላው ላይ ጠብ ስትል ቶቶሮ ድምፁን ሰምቶ ዓይኑ ይፈጣል። በዚህ ሁሉ ጊዜ «የተፈጠረ» ነገር የለም ሊባል ይችላል፣ እኔ ግን እናታቸው የታመመችባቸው ሁለት ልጆች መንገድ ዳር አባታቸውን ሲጠብቁ ያለውን ሰዓት እንዲህ አድርጎ ያሳየኝ ሌላ ፊልም አላውቅም። ሚያዛኪ በ2002 ለአሜሪካዊው የፊልም ሐያሲ ለሮጀር ኢበርት ሲያስረዳ እጁን እያጨበጨበ በጭብጨባዎቹ መሃል ያለችው ጊዜ እንደምታስፈልግ፣ እሷ ከሌለች ሩጫ ብቻ እንደሚሆን ነግሮታል። ወንድማችን «ባዶ» ብሎ ያለፋት ያቺን ጊዜ ነው።

አሻንጉሊቱን በተመለከተ ደግሞ ነገሩን ገልብጦታል። ቶቶሮ ሚያዝያ 16 ቀን 1988 ሲወጣ ሲኒማ ቤት ይሄን ያህል ሰው አልጎረፈለትም፣ አሻንጉሊቱ የመጣው ቆይቶ ነው፣ ሰው ፊልሙን ስለወደደው ነው የተገዛው፣ ቶቶሮም የስቱዲዮው ዓርማ የሆነው ከዛ በኋላ ነው።

በዛው ቀን፣ በዛው ትኬት፣ ከቶቶሮ ጋር ተጣምሮ የታየው ሌላ ፊልም ደግሞ «ግሬቭ ኦፍ ዘ ፋየርፍላይስ» ነው። ስለዚህኛው ሰፋ አድርጌ ልጻፍ፣ የወንድማችን ትልቁ በደል እሱ ላይ ነው።

«ለማስለቀስ ብቻ ነው» ይላል። ፊልሙ ግን የሚከፈተው የአሥራ አራት ዓመቱ ሴይታ ሳንኖሚያ ባቡር ጣቢያ ወለል ላይ ሲሞት ነው፣ መስከረም 21 ቀን 1945 ሌሊት እንደሞተ ራሱ ይነግረናል፣ የከረሜላዋ ቆርቆሮ ተወርውራ ስትወድቅም ከውስጧ ምን እንደሚወጣ እናያለን። ሁለቱም ልጆች እንደሞቱ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አወቅን ማለት ነው። እንባ ብቻ የሚፈልግ ዳይሬክተር ይሄን እስከ መጨረሻ ደብቆ ያቆየው ነበር፣ «ትድን ይሆን፣ አትድን ይሆን» እያለ ልባችንን ይሰቅል ነበር። የዚህ ፊልም ዳይሬክተር ኢሳኦ ታካሃታ ግን ያንን በር ከመጀመሪያው ዘጋው፣ ተስፋ እንድናደርግ አልፈለገም፣ እንዴት ሆነ የሚለውን እርምጃ በእርምጃ እንድናይ ነው የፈለገው። በቀይ ብርሃን የሚታዩት የልጆቹ መንፈሶችም የራሳቸውን ታሪክ ቆመው እያዩ ነው፣ እኛ አጠገባቸው ነን።

«ፕሮፓጋንዳ ነው» ላለው፣ እስቲ ፊልሙ ውስጥ ክፉ ሆኖ የሚታየው ማነው? አውሮፕላኖቹ ቆቤን አቃጥለው ያልፋሉ፣ አንድም አሜሪካዊ ፊት አናይም። ልጆቹን ቀስ በቀስ የሚጥሏቸው ሁሉ ጃፓኖች ናቸው። ምግቡን ለአገር ለሚሠራ ነው የምትለው አክስት፣ አትክልት ሰረቅክ ብሎ የሚደበድበው ገበሬ፣ የሴይታን ታናሽ እህት ሴትሱኮን አይቶ ምግብ ያስፈልጋታል ብሎ ምግቡ ከየት እንደሚመጣ ሳይናገር የሚሸኛቸው ሐኪም፣ ጣቢያው ውስጥ የሚሞቱትን ልጆች እየተራመደ የሚያልፈው ሰው። ሴይታ የባሕር ኃይል መኮንን ልጅ ነው፣ በአባቱ መርከብ የሚኮራ፣ ያ ኩራት ደግሞ ባንክ ቤት ገንዘብ ሊያወጣ ሄዶ ጃፓን እጇን እንደሰጠች፣ መርከቦቹም እንደሰመጡ ሲሰማ ዓይናችን እያየ ነው የሚፈርሰው። የራሱን አገር ኅብረተሰብ እንዲህ የሚከስ ፕሮፓጋንዳ ለማን ይጠቅማል? ታካሃታ ራሱ እኮ ፊልሙ ፀረ ጦርነት ፊልም አይደለም ብሎ በተደጋጋሚ ተናግሯል፣ ይሄን ያለው ሰው ደግሞ በዘጠኝ ዓመቱ፣ ሰኔ 1945 ኦካያማ በቦምብ ስትነድ ከእህቱ ጋር በእሳት መሃል ሮጦ ያመለጠ ልጅ ነው።

ትዕቢቱን በተመለከተ፣ አዎ፣ ሴይታ ትዕቢት አለበት፣ ከአክስቱ ቤት ባይወጣ ኖሮ ሴትሱኮ ትተርፍ ነበር ይሆናል። ግን ይሄን ያወቅነው ከየት ነው? ከፊልሙ ነው። ፊልሙ አልደበቀውም። ታሪኩን በ1967 የጻፈው አኪዩኪ ኖሳካ በ1945 ታናሽ እህቱን በረሃብ ያጣ ሰው ነው፣ እሱ በእውነት እንደ ሴይታ ደግ እንዳልነበረ፣ ምግቧን ራሱ ይበላ እንደነበር ተናግሯል፣ ታሪኩን የጻፈው እሷን ይቅርታ ለመጠየቅ ነው። ታካሃታም ሴይታን የቀረጸው ከሰው ጋር መጋጨት ሲከብደው ጥሎ የሚሄደውን የራሱን ዘመን ወጣት እያሰበ ነው። እና ወንድሜ ሆይ፣ አንድ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ እናቱ ተቃጥላ ሞታበት፣ ታናሽ እህቱን ታቅፎ፣ ያደረገውን አይተን «የራሱ ጥፋት ነው» ስንል የማንን ቃል እየተናገርን እንደሆነ እየው፣ የአክስትየዋን ነው። ፊልሙ እኛን እዛ ወንበር ላይ አስቀምጦ ነው የሚፈትነን። እሷም እኮ ጭራቅ አይደለችም፣ የራሷ ልጅ አላት፣ ሩዙ እያለቀ ነው፣ የምትለው ሁሉ ስሌት አለው። ሰው ስሌት አስልቶ ሕፃን ልጅን ከቤት ሊያስወጣ እንደሚችል ነው የምናየው።

እና ደግሞ ያ ሁሉ የሥዕል ድካም ምን ላይ እንደፈሰሰ እዩ። ከረሜላው ሲያልቅ ሴይታ ቆርቆሮዋ ውስጥ ውሃ ጨምሮ ያማታል፣ ሴትሱኮ ትጠጣና የየፍሬውን ጣዕም ትቆጥራለች። ሴትሱኮ ለሞቱት አብሪ ትሎች ጉድጓድ ስትቆፍር፣ እናቷ እንደሞተች ከአክስቷ እንደሰማች ድንገት ትናገራለች፣ ሴይታ ግን ስንት ቀን ደብቋት ነበር። በመጨረሻም ከጭቃ የሩዝ ኳስ ሠርታ «ብላ» ትለዋለች። ረሃብን በዜና ብቻ ሳይሆን ከወላጆቻችንና ከአያቶቻችን አፍ ለሰማን ሰዎች ይሄ የልጅ እጅ ላይ ያለ ጭቃ ከማንኛውም የሬሳ ክምር ይበልጣል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ከሞተች በኋላ ያለው ነው። ከኩሬው ማዶ ያለው ቤት ሰዎች ይመለሳሉ፣ ሸክላ ያጫውታሉ፣ ዘፈኑ ስለ ቤት ናፍቆት ነው፣ በዛ ዘፈን ስር ሴትሱኮ ብቻዋን ስትጫወት እናያለን፣ ስትጠርግ፣ ስትሰፋ፣ ውሃው ላይ ከራሷ ጥላ ጋር ስትጫወት። ሴይታ ምግብ ፍለጋ ሲወጣ እሷ ብቻዋን ምን ስታደርግ እንደዋለች ነው ያሳየን፣ እሱ ያላየውን ለእኛ። ይሄን «የማስለቀሻ ዘዴ» ብሎ መጥራት እኔ ዘንድ ግፍ ነው።

ጂብሊ ሚያዛኪ ነው ወደሚለው ስንሄድ መልሱ ከላይ ተጀምሯል። ስቱዲዮውን በ1985 ካቋቋሙት አንዱ ታካሃታ ነው። ሚያዛኪ ገና ወጣት እያለ ቶኤይ በሚባል ስቱዲዮ ውስጥ በ1968ቱ የታካሃታ የመጀመሪያ ፊልም ላይ ሠርቷል፣ በ1974ቱ «ሃይዲ» ተከታታይም በታካሃታ ሥር ነበር። የ1984ቱን «ናውሲካ» እና የ1986ቱን «ላፑታ» ፕሮዲውስ ያደረገውም ታካሃታ ነው። በጣም የሚገርመው ደግሞ ታካሃታ ሠዓሊ አለመሆኑ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ የፈረንሳይ ሥነ ጽሑፍ ያጠና ሰው ነው፣ ምናልባት ለዛ ይሆናል እንደ ሚያዛኪ አንድ መልክ ያልያዘው፣ ለእያንዳንዱ ፊልም የሚሆነውን አሣሣል ከባዶ የሚፈልገው።

የ1991ዱን «ኦንሊ የስተርደይ» ወንድማችን አላነሳውም፣ ያየው አይመስለኝም። የሃያ ሰባት ዓመቷ ታኤኮ ከቶኪዮ ለእረፍት ያማጋታ ገጠር ሄዳ ሳፍላወር የሚባለውን የሱፍ ዓይነት አበባ ትለቅማለች፣ የአምስተኛ ክፍል ልጅነቷ አብሯት ይመጣል። እዛ ውስጥ አንድ የአናናስ ትዕይንት አለ፣ በ1960ዎቹ ውድ የነበረውን ፍሬ አባት ገዝቶ ያመጣል፣ እንዴት እንደሚቆረጥ ማንም አያውቅም፣ ቀናት አልፎ ይቆረጣል፣ ቤተሰቡ ሁሉ በጉጉት ይቀምሳል፣ ጠንካራና ጣዕም የሌለው ሆኖ ይገኛል፣ ሁሉም አንድ በአንድ ያስቀምጣሉ፣ ታኤኮ ብቻ መብላቷን ትቀጥላለች። በቃ፣ ይሄው ነው። ግን ቤተሰብ ውስጥ የአንድ ተስፋ መጥፋት ምን እንደሚመስል እያንዳንዱ ፊት ላይ ተሥሏል፣ እንደዚህ ያለውን ነገር ለመሣል ወራት የሚያጠፋ ስቱዲዮ ማግኘት ራሱ ተአምር ነው።

ከዛ ደግሞ የ2013ቱ «ፕሪንሰስ ካጉያ»፣ የኔ አንደኛ። ስምንት ዓመት ገደማ የፈጀ ሥራ ነው፣ ከሚያዛኪ «ዘ ዊንድ ራይዝስ» ጋር በአንድ ቀን ሊወጣ ታስቦ ሳይደርስ ቀርቶ ኅዳር ላይ ነው የወጣው፣ ያወጣውንም ገንዘብ አልመለሰም። ከቀርከሃ ውስጥ የተገኘችው ልጅ ገጠር እየሮጠች ዓይናችን እያየ ታድጋለች፣ አሳዳጊ አባቷ ከቀርከሃው ወርቅ አገኘና ልዕልት ትሁን ብሎ ዋና ከተማ ይወስዳታል። የስም ማውጫዋ ግብዣ ላይ ሰካራሞቹ ሲያሙዋት ሰምታ ከቤት ወጥታ ስትሮጥ ያለችውን ትዕይንት ያየ ሰው አይረሳትም። እስከዛ ድረስ ለስላሳ የነበረው የውሃ ቀለም ይጠፋል፣ መስመሮቹ እንደ ከሰል ጭረት ይሆናሉ፣ ልብሷ እየተገፈፈ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ፊቷ ራሱ ጭረት ይሆናል። ንዴቷን በቃል አልተናገረችም፣ እርሳሱ ነው የተናደደው። መጨረሻ ላይ የመጣችባት የጨረቃ ሰዎች ሊወስዷት ሲመጡ ያለው ሙዚቃ ደስ የሚል ጭፈራ ነው፣ ጆ ሂሳይሺ ነው የሠራው፣ ሐዘን የሚባል የማያውቁ ፍጥረታት ስለሆኑ እየጨፈሩ ይመጣሉ፣ ልብሱን ትከሻዋ ላይ ጣል ሲያደርጉባት ሁሉን ትረሳለች። ሞትን እንደዚህ አድርጎ ያሳየኝ ፊልም የለም። ታካሃታ በ2018 አረፈ፣ ይሄ የመጨረሻ ፊልሙ ሆነ። «አጃቢ» ይሄን አይሠራም።

ሳቶሺ ኮን። «ሆን ብሎ ያወሳስባል» ለሚለው «ቶኪዮ ጎድፋዘርስ» ብቻውን በቂ መልስ ነው፣ ሦስት ቤት አልባ ሰዎች በገና ሌሊት ሕፃን ያገኛሉ፣ እናቷን ይፈልጋሉ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቀጥ ያለ ታሪክ ነው። ቀጥ አድርጎ መንገር የሚችል ሰው ነው ማለት ነው፣ ስለዚህ ሲያጠላልፈው ምክንያት አለው። በ1997ቱ «ፐርፌክት ብሉ» ዘፋኟ ሚማ ዘፈኑን ትታ ተዋናይ ልትሆን ትወስናለች፣ ከዛ ኢንተርኔት ላይ በስሟ የሚጻፍ ማስታወሻ ታገኛለች፣ ከባቡር ስትወርድ የትኛውን እግሯን እንዳስቀደመች ሳይቀር ይጽፋል፣ ኮምፒውተር እንዴት እንደሚከፈት እንኳን ሰው ነው ያሳያት። ፌስቡክ ባልነበረበት ጊዜ ፌክ አካውንት ሰውን ምን እንደሚያደርገው የሠራ ፊልም ነው። የምንደናገረው ሚማ ስትደናገር ነው፣ የትኛው የራሷ ሕይወት የትኛው የምትሠራው ድራማ እንደሆነ እሷ ሲጠፋት እኛም ይጠፋናል፣ ይሄን በቅንብር ብቻ ነው ያደረገው። በ2001ዱ «ሚሌኒየም አክትረስ» ደግሞ ያቺው ዘዴ ወደ ደስታ ትዞራለች፣ አሮጊቷ ተዋናይ ቺዮኮ ሕይወቷን ስታወራ በሠራቻቸው ፊልሞች ውስጥ እየሮጠች ነው፣ በፈረስ፣ በብስክሌት፣ በእግሯ፣ አንድ ቁልፍ የሰጣትን ሰው ፍለጋ፣ አንድ ሩጫ ነው ግን ዘመኑ ከእግሯ ስር ይለዋወጣል። ኮን በ46 ዓመቱ በ2010 በቆሽት ካንሰር ሞተ፣ የቀሩልን አራት ረጅም ፊልሞች ብቻ ናቸው፣ እና እነዚህን አራት «ያልገባው» ሰው ሁለተኛ ጊዜ ቢያያቸው ነው የምለው።

«አኪራ» ላይ ብዙ አልቆይም። ሥዕሉ ከ160 ሺህ በላይ ሴል (በላስቲክ ላይ በእጅ የተሣለ ሥዕል) መሆኑ እውነት ነው፣ ዳይሬክተሩ ካትሱሂሮ ኦቶሞ ማንጋው (ራሱ የሚሥለው የሥዕል መጽሐፍ) ሳያልቅ ፊልሙን ስለሠራው የተጨናነቀበት ቦታ እንዳለም እቀበላለሁ። ግን ታሪኩ ያን ያህል ከባድ አይደለም፣ ማሳደጊያ ውስጥ አብረው ያደጉ ሁለት ልጆች ናቸው፣ ካኔዳ ሁሌ አዳኝ፣ ቴትሱኦ ሁሌ የሚዳን፣ አንድ ቀን ቴትሱኦ ኃይል ሲያገኝ መጀመሪያ የሚመጣበት ነገር የዛ ሁሉ ዓመት ምቀኝነት ነው። ከተማዋ የምትፈርሰው በዛ ነው።

የእንግሊዝኛውን ድምፅ ነገር ደግሞ፣ ለኛ እንግሊዝኛውም ጃፓንኛውም የሰው ቋንቋ ነው፣ ታዲያ ዋናውን ለምን እንተዋለን? ከዛ በላይ ግን የሚጠፋ ነገር አለ። በሚያዛኪ የ1989ኙ «ኪኪ» ላይ ትንሿ ጠንቋይ አንድ ጊዜ የድመቷን የጂጂን ንግግር መስማት ታቆማለች፣ በጃፓንኛው እስከ መጨረሻው ዳግም አትሰማውም፣ ልጅነቷ ማለፉ ነው። ዲዝኒ በ1998 ያወጣው የእንግሊዝኛው ቅጂ ግን ድመቱ ዝም ባለበት ቦታ ሁሉ ቀልድ ጨመረለት፣ መጨረሻ ላይም መልሶ አናገረው። ትርጉሙ ተገለበጠ ማለት እኮ ነው። ከዛ በፊት ደግሞ «ናውሲካ» አሜሪካ ሲገባ ከሃያ ደቂቃ በላይ ተቆርጦ ነበር፣ ጂብሊ ከዛ በኋላ ማንም እንዳይቆርጥ የከለከለው በዚህ ነው። ጽሑፍ ከስር እያነበቡ ማየት ይከብዳል የሚል ሰው ይገባኛል፣ ግን ቢያንስ አንዴ በዋናው ይታይ።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ከ«ዩር ኔም» ጋር በአንድ ዓመት፣ በ2016፣ «ኢን ዚስ ኮርነር ኦፍ ዘ ወርልድ» ወጥቷል፣ የገንዘቡ አንድ ክፍል ከተመልካች በተዋጣ ብር ነው የተሠራው፣ በጥቂት ሲኒማ ቤት ጀምሮ ሰው ለሰው እየነገረ ነው የተስፋፋው። ዳይሬክተሩ ሱናኦ ካታቡቺ ነው፣ «ኪኪ» ላይ ረዳት ዳይሬክተር የነበረ። ሱዙ የምትባል ሥዕል የምትወድ ልጅ ከሂሮሺማ ኩሬ ወደምትባል የጦር መርከብ ከተማ ታገባለች፣ ጦርነቱ እየቀረበ ሲመጣ እሷ ከመንገድ ዳር ቅጠል ለቅማ ወጥ ስትሠራ፣ ሩዟን ለማብዛት ስትታገል፣ ኪሞኖ ቆርጣ ልብስ ስትሰፋ ነው የምናየው። ወንድማችን «በከንቱ የሚወደሱ» ብሎ ከዘረዘራቸው ውስጥ የለም፣ ከምርጦቹም ውስጥ የለም፣ ስለዚህ እለምነዋለሁ፣ ይየው።

የኔ አምስት ይሄው፦ «ፕሪንሰስ ካጉያ»፣ «ግሬቭ ኦፍ ዘ ፋየርፍላይስ»፣ «ቶቶሮ»፣ «ሚሌኒየም አክትረስ»፣ አምስተኛው ላይ «ኢን ዚስ ኮርነር»ን ከ«ስፒሪትድ አዌይ» አስቀድሜዋለሁ። የ«ስፒሪትድ አዌይ»ዋ ልጅ ቺሂሮ ውሃ ላይ በሚሄደው ባቡር ቁጭ ብላ የምትሄድባትን ትዕይንት ሳስብ ግን እጄ ይንቀጠቀጣል፣ እዚህች ቦታ ላይ የሚከራከረኝ ካለ ዝግጁ ነኝ፣ ወንድማችንም ቢሆን «ኦንሊ የስተርደይ»ን አይቶ ቢመልስልኝ ደስ ይለኛል።